ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣችሁ ደሴ የሚደርሰን አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ መልሴ ቢዘገይ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ቬንዙዌላ የወጣቶች ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ለንደን ላይ በዚያ ትልቅ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወቱ የሠሩትን ጉድ ማለቴ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ እጃችሁ አይንጠፍ። መጨረሻው ላይ ግን «የእኛዎቹስ መቼ ይሆን?» ብላችሁ ነገሩን አንጠልጥላችሁት ሄዳችኋል። ይቺ ጥያቄ አልተዋጠችልኝም። ለምን እንዳልተዋጠችልኝ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማል። ቆርጣችሁ ብታወጡት አልቀየምም፤ የቁልፉን ነገር ብቻ አትቁረጡብኝ።

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። በደርግ ጊዜ ልጅ ሆኜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር እነካካ ነበር፤ እሱም ደህና ክራር መቺ እስኪመጣ ነው፣ ሲመጣ ወደ ጭብጨባ ተዛወርኩ። ልጄ ግን ቫዮሊን ትጫወታለች። አሥረኛ ክፍል ናት። ቫዮሊኑን አጎቷ አዲስ አበባ ያገለገለ አግኝቶ ላከላት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የተማረችው ከዩቲዩብ ነው። እነዚያን ስድስት ወራት ጎረቤቶቻችን እስካሁን አልረሷቸውም፤ አንዷማ «ድመቷ ዳነች ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። አሁን ግን ጓደኞች አፍርታለች። ዘጠኝ ናቸው። ሁለት ቫዮሊን፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ። ዘጠነኛው ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ መሣሪያ የለውም፤ ኖታ ይገልጣል፣ ይቆጥራል። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ጽሑፋችሁን ካነበብን በኋላ ቪዲዮውን ፈልገን አገኘነው። ማታ ሱቁን ዘጋን፤ መብራት አልጠፋ፣ ኔትወርክም ሰው ሆኖ ዋለልን። ልጆቹ የወረቀት ካርቶኖቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አዳራሹ ሮያል አልበርት ሆል የሚሉት ነው፣ ከ5,000 ሰው በላይ ይይዛል። ፌስቲቫሉ ፕሮምስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረ ነው፤ ርካሽ ቲኬት የቆረጡት ከመድረኩ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆመው ይሰማሉ። የኦርኬስትራው መሪ ጉስታቮ ዱዳሜል ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። በእኛ አገር በዚያ ዕድሜ ገና «አንተ ልጅ» እየተባለ ቡና ያቀርባል።

የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾስታኮቪችን 10ኛ ሲምፎኒ ተጫወቱ። ስታሊን በሞተበት በ1953 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ከባድ። እኔ የኪነት ዘመን ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ደረቴ ላይ ምን እንደተቀመጠ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የባንዲራቸውን ቀለም፣ ቢጫ ሰማያዊ ቀይ ጃኬት ለብሰው እየተነሱ ጨፈሩ። እየተጫወቱ ነው የሚጨፍሩት! ሰው የሚያህለውን ቤዝ እንደ እንዝርት ያሽከረክሩታል። ያ ሁሉ እንግሊዝ ቆሞ ይጮኻል።

ልጆቹ በጭፈራው የሚያብዱ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን ቪዲዮውን ወደኋላ መለሰችውና አቆመችው።

«አባዬ፣ ቀስቶቹን እያቸው።»

አየሁ። የአንደኛ ቫዮሊኖቹ ቀስት ሁሉ ወደ ላይ ነው። አንድም የተሳሳተ የለም። አስኬደችው፣ ሁሉም ወደ ታች። እንደገና ወደ ላይ። ነፋስ ያጎነበሰው ገብስ ይመስላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ቫዮሊኖቻችን አንዷ ስትስብ ሌላዋ እየገፋች ነበር የሚጫወቱት፤ ድምፁ እስከተገናኘ ድረስ ችግር አለው ያለ ሰው አልነበረም። «ማን ነው ወደ ላይ በሉ ያላቸው?» አለች። እኔ ምኑን አውቄው።

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ወዳጅ አለን፣ በቀድሞው ጦር ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ የነበረ። ኖታ የሚያነበው እሱ ነው፣ ልጆቹን የሚያስጠናውም እሱ ነው። ደወልንለት። ሳቀ። የየክፍሉ ፊተኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ይወስናል፣ ሌሎቹ በእርሳስ ኖታቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ አለን። ለታች እግሯን የዘረጋች ጠረጴዛ የምትመስል፣ ለላይ እንደ ላቲኗ ቪ። ከዚያ ወዲህ የማባዛው ኖታ ሁሉ በእርሳስ ጠረጴዛና በቪ የተሞላ ነው። ማሲንቆ የሚመታው ልጅ ግን «እኔን አትንኩኝ፣ ማሲንቆ ብቻውን ነው፣ ቀስቱም እንደልቡ ነው» ብሏል፤ እስካሁን አልተደራደረም።

ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማኅሌት ላይ ቆማችሁ የምታውቁ፣ መቋሚያው አንድ ላይ ወደ ቀኝ አንድ ላይ ወደ ግራ ሲሄድ አላያችሁም? መንዙማ ላይ ድቤው ሲመታ ያ ሁሉ ትከሻ አብሮ የሚዘመው እንዴት ነው? ወሎ ተወልዶ ይሄን ሁለቱንም ያላየ ሰው ካለ ወሎ አልተወለደም።

አሁን አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ያ ኮንሰርት የቀረበው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2007 ነው። ወደኛው ስመልሰው ነሐሴ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ሆነ። ቡሄ! እነሱ ለንደን ላይ ሾስታኮቪች ሲሉ የእኛ ልጆች ደሴ ላይ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ይሉ ነበር ማለት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው ምቱን ይጠብቃል፣ ሙልሙሉ ይገባል። ልዩነቱ የእኛዎቹ በማግስቱ መበተናቸው ነው። ለዓመት ያህል ማንም አይሰበስባቸውም።

ጋዜጣችሁ ላይ የጎደለውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚያች ምሽት ጻፋችሁ። ምሽቷ ግን የተጀመረችው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ካራካስ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የሚባል ሰው፣ ሙዚቀኛም የኢኮኖሚ ባለሙያም የሆነ፣ 100 ልጆች ይመጣሉ ብሎ 50 የኖታ ማስቀመጫ አዘጋጅቶ ጠበቀ። የመጡት 11 ናቸው። ራሱ ነው የተናገረው። በ11 ጀመረ። ከጋራዡ እስከ ለንደን 32 ዓመት ነው። በ32 ዓመት ውስጥ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ የሚሄዱበት የታወቀ ቦታ ነበራቸው፤ በር የሚከፈትበት የታወቀ ሰዓት ነበራቸው። መሣሪያ ያልደረሳቸው ሕፃናት ደግሞ ከካርቶንና ከወረቀት ቫዮሊን ሠርተው አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ መቁጠሩን በዚያ ይለማመዳሉ። የወረቀት ኦርኬስትራ ይሉታል። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው አልልም፤ መንግሥት ስሙን ለራሱ ማሳመሪያ ያደርገዋል የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። ይሁን። የእኛም ቀበሌ ኪነት ያዘፍነን የነበረው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ዛሬ ብዘፍነው አፍራለሁ። አዳራሹ ግን ነበረ። ቅዳሜ ከሰዓት ይከፈታል፣ ካልመጣህ ቤትህ ድረስ መጥተው ይጠሩሃል።

እንግዲህ ወደ እኛው ልምጣ።

የእኛዎቹ ዘጠኝ ልጆች ደሴ ውስጥ የሚለማመዱበት ቦታ የላቸውም። መጀመሪያ ሱቄ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለት ደንበኛ ሲገባ ክራሩ ይወጣል። በ2014ቱ ጦርነት ከተማችን የተዘረፈችውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የነበረው ጥቂት መሣሪያም ያኔ ሄዷል፣ አሁን ያሉን በየቤቱ የተረፉና በኋላ የተለቃቀሙ ናቸው። የቫዮሊን ክር ስትበጠስ ደሴ ላይ አትገኝም። ከ400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የምናስመጣት። አንዴ የመጣችው ክር የጊታር ሆና አረፈች።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ጡረተኛው ወዳጃችን የወንድሙ ልጅ የእህል መጋዘን አለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ይለቅልናል። ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። አንዱ ረዳት የቫዮሊኑን ሳጥን እንደ ሰው ቆጥሮ ሊያስከፍለን ነበር። «ተቀምጧል አይደል እንዴ?» ነው ያለኝ።

ሐረጎን ወርዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል። ደሴ ላይ በደንብ የተቃኘ ቫዮሊን ኮምቦልቻ ሲደርስ ቅኝቱን ለቋል። እንጨቱ ይነፋል ወይ ይኮማተራል፣ ማጥበቂያው ይንሸራተታል፣ ክሩ ይላላል። ክራሩም እንደዚያው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚያልቀው በመቃኘት ነው። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ኦቦ የሚባል አንድ የትንፋሽ መሣሪያ «ላ» የምትባለውን ድምፅ ይሰጣቸዋል፣ በሴኮንድ 440 ንዝረት፣ ሁሉም በሱ ይቃኛሉ። እኛ ጋ ኦቦው ዋሽንት ነው። ለምን ቢባል ዋሽንት አይቃኝም፤ አንዴ የተበሳ ተበስቷል። እሱ ይነፋል፣ ሌሎቹ ወደ እሱ ይመጣሉ፣ ኪቦርዱም በቁልፍ ዝቅ ከፍ ብሎ ይመጣል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የማሽላ ጆንያ ድምፁን ይውጠዋል። ወዳጃችን ግን ይሄን ይወደዋል፤ «ጆንያ አይሸነግልም» ይላል። ገደል ማሚቶ ያለበት ቤት መጥፎውንም ያሳምራል፣ ጆንያ ፊት ግን የተሳሳትከው ተሳስተሃል። አቧራው ብቻ ነው የሚያስቸግረን። ዋሽንት ነፊው አንዴ በአምባሰል መሃል አስነጠሰ፤ ከበሮው ምቱ መስሎት ገባ።

አምባሰል ካልኩ አይቀር። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም የሠፈራችን ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ነው፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን። ትዝታና አንቺ ሆዬም ቢሆኑ ወሎ ላይ እንግዳ አይደሉም። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታወጣው መንገድ የሚሄድ ሰው እንኳ ይቆማል። እና ልጄ «ስለ ባቲ ቅኝት በደንብ ልማር» ካለች መሄድ ያለባት አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ባቲን ለመማር ባቲን ጥላ ትሄዳለች። በያሬድ ቅሬታ የለኝም፣ ኧረ ይኑርልን። ነገሩ ብቻ ያስቀኛል።

በነገራችን ላይ እነዚህ ልጆች ሲለማመዱ ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ የሙዚቃ ሰዎች አንብባችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ትዝታ ላይ ኪቦርዱና ማሲንቆው ይስማማሉ። አንቺ ሆዬ ላይ ይጣላሉ። ማሲንቆ መቺው ጣቱን የሚያሳርፈው ኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መሃል ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ መሃል የለውም። ሁለት ቅዳሜ ተጨቃጨቁ። ቫዮሊን ጣት የምታሳርፍበት ምልክት ስለሌላት ልጄ ከማሲንቆው ጋር ወገነች። ኪቦርዱ አኩርፎ በአንቺ ሆዬ ሰዓት ዝም እንዲል ተወሰነ። እኔ ፎቶ ኮፒ አንሺ ነኝ፣ አልፈርድም፤ ግን ጆሮዬ ከማሲንቆው ጋር ነው።

«የፈረንጅ ኦርኬስትራ ለኛ ምናችን ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ በየሳምንቱ ይለኛል። እሱ ግን ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመጀመሪያውን መዝሙራችንን ዜማ የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች ከምንላቸው፣ የማርሽ ባንድ ጋር የመጣ መምህር። ልብ በሉልኝ፣ እነሱም ልጆች ነበሩ። ያሬድ ትምህርት ቤትን መጀመሪያ የመሩት አሸናፊ ከበደም ሃንጋሪ ድረስ ሄደው ኦርኬስትራ የመሩ ሰው ናቸው። ቫዮሊን ከማሲንቆ ጋር ከተቀመጠ ቆይቷል፤ እኛ ነን ዛሬ አዲስ ነገር ያደረግነው።

አሁን ቁልፉ።

ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ አለ። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፣ ደግሞም የሚያውቀው ያውቀዋል። ጥሩ አዳራሽ ነው። ጥበቃውን ሄጄ አነጋገርኩ፣ ሽማግሌ ናቸው።

«አባቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይጠቀምበታል?»

«ኧረ ማን ይጠቀምበታል። ወፍ ነው የሚጠቀምበት።»

«ታዲያ ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ንብረት ክፍል።»

ንብረት ክፍል ሄድኩ። ልጅቷ ትሁት ናት፣ አስቀመጠችኝ። «ያለ ደብዳቤ አይሆንም» አለችኝ። ደብዳቤ ከማን? «ከማኅበራችሁ።» ማኅበር የለንም፣ ልጆች ናቸው። «እንግዲያው ማኅበር ይሁኑ።» ማኅበር ለመሆን ሌላ ቢሮ ሄድኩ። ፎርሙን ሰጡኝ፤ በነገራችን ላይ ፎርሙ እኔ ቤት የተባዛ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ «የማኅበሩ መሰብሰቢያ አድራሻ» ይላል። አዳራሽ ለማግኘት ማኅበር፣ ማኅበር ለመሆን አዳራሽ። የሱቄን አድራሻ ልሙላ? አልኩ። «ንግድ ቤት አይሆንም።» ተመልሼ ንብረት ክፍል ሄድኩ፣ ሦስተኛዬ ነው። ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ሄዷል ተባልኩ። የምን ሥልጠና እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የቁልፍ አያያዝ ይሆናል።

ስወጣ በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ወንበሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተከምረዋል። ግድግዳው ላይ ያለፈ ስብሰባ ባነር አንድ ጫፉ ተላቆ ተንጠልጥሏል። መድረኩ ላይ ድምፅ ማጉያው ጨርቅ ተከናንቦ ቆሟል። ጥበቃው እውነታቸውን ነው፣ ሁለት ወፎች ነበሩ።

እና አዘጋጅ፣ «መቼ» ለሚለው ጥያቄያችሁ መልስ የለኝም። ስለ ፌስቲቫል አላስብም። የምጠይቀው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። አራት ሰዓት። ወንበሩን እኛው እናወርዳለን፣ እኛው እንመልሳለን፣ እኛው እንጠርጋለን። የመብራቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ለነገሩ ጠዋት ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ መብራትም አያስፈልግም። የተሰበረ ነገር ካለ ስሜንና መታወቂያዬን አስቀምጡ። ይሄን ጋዜጣ የሚያነብ ቁልፍ ያለው ሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ አዳራሽም ይሁን የትምህርት ቤት ክፍል ወይም ባዶ ጋራዥ፣ ለዝግጅት ክፍላችሁ ይደውል፤ ስልኬ እናንተ ጋ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ መሳቢያችሁ ውስጥ የቫዮሊን ክር ካለ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ለደሴ አውቶቡስ ሹፌር ስጡልኝ። የጊታር አለመሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ያን አሥራ አንድ ዓመት ልጅ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ስለ ወረቀቱ ኦርኬስትራ በነገርኳቸው በማግስቱ መጥቶ ባዶ የወረቀት ካርቶን ለመነኝ። አራት ሰጠሁት። በሦስት ቀን ቼሎ፣ ያን ተቀምጠው የሚጫወቱትን ትልቁን የቫዮሊን ዘመድ፣ ይዞ መጣ። ሆዱ ከካርቶን፣ አንገቱ ከመጥረጊያ እንጨት፣ ክሮቹ የማዳበሪያ ጆንያ መስፊያ ናቸው። በጎኑ የወረቀቱ ፋብሪካ ማርክ ተገልብጦ ይነበባል። ባለፈው ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ድምፅ ተጫወተ። ቀስቱ ከልጄ ቀስት ጋር አንድ ላይ ወደ ላይ፣ አንድ ላይ ወደ ታች ይሄድ ነበር። በሚኒባስ አይገባም ብሎ ረዳቱ ስላስቸገረን አሁን ቼሎው እኔ ቤት ነው፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቆሟል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይገባል፣ ደንበኛ ከሌለ ያወጣዋል፣ ደንበኛ ሲመጣ ይመልሰዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ፒያሳ